ቲማቲሙ ይጠቁራል፣ ሎሚው ቢጫ ሆኗል፦ ከሳቢያን ለመጣ የነሐሴ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ከተዛወርን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ሳቢያን ነው የምንኖረው። ከቤታችን ጀርባ 8 በ5 ሜትር የምትሆን ቦታ አለችኝ። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ አዲስ አበባ እንደለመድኩት ክረምቱ ሳይገባ ብዬ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሰላጣና ዱባ ዘራሁ። አንድ ሎሚና ሁለት ፓፓያ ከቤቱ ጋር ያገኘኋቸው ናቸው። አሁን ነሐሴ ሊያልቅ ነው፤ ግቢውን ሳየው ማልቀስ ያምረኛል። ቲማቲሙ ያፈራው ጥቂት ነው፣ ያም ቂጡ ጠቁሮ ይበሰብሳል። ሰላጣው ከነጭራሹ አልበቀለም። ዱባው አበባ ብቻ ነው፣ ቅጠሉም ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ሎሚው ቢጫ ሆኗል። አንዱ ፓፓያ ከከባድ ዝናብ በኋላ ጠውልጎ ቀረ፣ ሌላውን ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ወርሶታል። ጎረቤቴ አመድ ነስንሺበት ትላለች። ባለቤቴ ነቅለን ሴራሚክ እናንጥፍበት ይላል። እርስዎ ምን መድኃኒት ልርጭ ይላሉ?»

ምላሽ፦

በመጀመሪያ አንቺ ልበልሽ። እርስዎ ብለሽ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ፤ ግን ድሬዳዋ እንግዳዋን የምትቀበለው አንቱታውን ከበር ላይ አስወልቃ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ቆይተሽ እስካሁን አለመልመድሽ ገርሞኛል።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ዛሬ ምንም አትርጪ። ከዘረዘርሻቸው ችግሮች ውስጥ መርጨት የሚያስፈልገው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም በሳሙናና በውሃ የሚለቅ ነው። የቀረው የውሃ፣ የኖራና የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። ዋናው ደግሞ የቀን መቁጠሪያው ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ላይ ነች። ዝናቡም ቢሆን በዓመት 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ከአዲስ አበባው ግማሽ ያህል። እሱም ሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይመጣል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ትንሽ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ ሌላው። በመካከላቸው ያሉት ግንቦትና ሰኔ የዓመቱ እሳት ናቸው። ቀኑ 35 ዲግሪ ይደርሳል፣ ሌሊቱም አይበርድም። አንቺ ለስላሳዎቹን አትክልቶች የዘራሽው በዚህ እሳት መግቢያ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግንቦት መጨረሻ ብልህ ጊዜ ነው። ድሬ ላይ ቲማቲም በግንቦት መዝራት ሕፃን ልጅ ታቅፎ በቀትር ቀፊራ ገበያ መሄድ ነው።

የሐረር ጓደኛ ካለሽ እሷንም አትጠይቂ። ሐረር በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አትርቅም፤ ግን የደንገጎን ዳገት ስትወጪ ጆሮሽ የሚደፈነው ያለ ምክንያት አይደለም። እነሱ 1,900 ሜትር አካባቢ ናቸው። ነሐሴ ላይ የእነሱ ራስ ምታት ብርድና እርጥበት የሚያመጣው የቅጠል ቃጠሎ ነው። የእኛ ሌላ ነው።

የድሬ የጓሮ አትክልት ዓመት የሚጀምረው መስከረም ላይ ነው። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ወደ 15 ዲግሪ ይወርዳል፣ ቀኑ ፀሐያማ ግን የሚቻል ነው፣ ዝናብ ስለሌለ የሻጋታ በሽታ ይቀንሳል። ውሃ ካለሽ ከዚህ የተሻለ አራት ወር አታገኚም። ስለዚህ አሁን የምታይው ግቢ የወቅቱ መጨረሻ ነው። ባለቤትሽ ሴራሚኩን ለአንድ ወቅት ያቆየው።

አሁን ቲማቲሙ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ደርሰውበታል። ፍሬው ያነሰው በሙቀቱ ነው። የቲማቲም አበባ ቀኑ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሌሊቱም ከ21 በታች አልወርድ ሲል የአበባው ብናኝ ይመክናል። አበባው ይደርቅና ይረግፋል። ይህን የሚመልስ መድኃኒት የለም። የሱቅ ሰው «የአበባ ማስያዣ» ብሎ ቢሸጥልሽም ገንዘብሽን ለችግኝ አስቀምጪው።

ቂጡ መጥቆሩ ግን የተለየ ታሪክ አለው፣ እኔም በጣም የምወደው ጥያቄ ነው። በሽታ አይደለም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው አይተላለፍም። ፍሬው ሲያድግ ካልሲየም ሲያጥረው ከአበባው በኩል ያለው ጫፍ ይሞታል፣ ይጠቁራል፣ እንደ ቆዳ ይሆናል፣ ከዚያ ሻጋታ ይገባበታል። ሰዎች ካልሲየም ሲባል የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተው ይነሰንሳሉ። አንቺ ግን ቤት ግቢና ማንቆርቆሪያሽን ክፈቺው። ውስጡ ላይ የተጋገረው ነጭ ነገር ምንድን ነው? ኖራ ነው፣ ማለትም ካልሲየም። የድሬ ውሃ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ነው፣ ዙሪያችን ደግሞ የኖራ ድንጋይ ነው። ቲማቲምሽ በካልሲየም ተከቦ ካልሲየም አጥቶ ይሞታል ማለት ነው።

ምክንያቱ ውሃው ነው፣ ማለትም የውሃው መዛባት። ካልሲየም ከሥር ወደ ፍሬ የሚሄደው በውሃ ተጭኖ ብቻ ነው። አንዴ ቅጠል ላይ ካረፈ ደግሞ ተመልሶ ወደ ፍሬ አይሄድም። የድሬን ክረምት ታውቂዋለሽ፤ ማታ ላይ ሰማዩ ተቀዶ አንድ ሰዓት ያወርደዋል፣ ከዚያ አምስት ቀን ጠራራ ፀሐይ። ዝናብ ዘነበ ብለሽ ውሃ ማጠጣት ተውሽ፣ አይደል? በሦስተኛው ቀን የላይኛው አፈር ደርቋል። ፍሬው ያኔ ነው የሚጎዳው፤ አንቺ የምታይው ግን ከአሥር ቀን በኋላ ነው፣ ስለዚህ ምክንያቱን ከዝናቡ ጋር አታገናኚውም። ዩሪያ ጨምረሽበት ከሆነ ደግሞ ብሶበታል፤ ቅጠሉ ቶሎ ያድግና ካልሲየሙን ይሻማል።

መፍትሔው አሰልቺ ነው። የጠቆሩትን ፍሬዎች ቅጠፊና ጣያቸው፣ አይድኑም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመርጨት በሳምንት ሦስት ጊዜ ጠለቅ አድርገሽ አጠጪ። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቺው፤ እዚያ ድረስ ደረቅ ከሆነ ዝናብ ቢዘንብም አጠጪ። ከሥሩ ዙሪያ አራት ጣት ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ አልብሺው። እዚህ አገር ገለባና የማሽላ አገዳ አይጠፋም፤ አገዳውን ከትፈሽ ማንጠፍ ነው። ጉዝጓዙ ሌላም ጥቅም አለው፤ ዝናቡ አፈሩን ወደ ታችኛው ቅጠል እንዳይረጨው ይከለክላል። የታችኛው ቅጠል ላይ ክብ ክብ ቡናማ ነጥብ፣ ውስጡ እንደ ዒላማ ቀለበት ያለው ካየሽ፣ ከአፈር የሚረጭ ሻጋታ ነው። እነዚያን ቅጠሎች ቅጠፊ።

አንድ ዘዴ ልንገርሽ፤ አሮጌ ነው ግን ይሠራል። ከውጭ ያልተቀባ፣ ውሃ የሚያላብ ትንሽ እንስራ ገዝተሽ በሁለት ቲማቲም መካከል እስከ አንገቱ ቅበሪው። ውሃ ሞልተሽ ክደኚው። ሥሩ ወደ እንስራው ይመጣና የሚፈልገውን ቀስ እያለ ይጠጣል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ከቲማቲሞቹ የትኛውን ልንቀል ካልሽ፣ እንዲህ ለያቸው። ጫፉ የተጨማደደ፣ ቅጠሉ ወደ ላይ እንደ ማንኪያ የተጠቀለለ፣ ያነሰና ቢጫ የሆነ ካለ ዛሬውኑ ንቀይ። ይህ ነጭ ዝንብ የምታመላልሰው ቫይረስ ነው፤ አይድንም፣ ለሚመጣውም ችግኝ ያስተላልፋል። ብስባሽ ውስጥ አትጨምሪው። ሮማ የሚባለው አጭር ቁጥቋጦ ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ ሰጥቶ የሚጨርስ ነው፤ ያለውን ለቅመሽ አሰናብቺው። ረጅም እየወጣ የሚቀጥል ዓይነት ሆኖ ጤነኛ ከሆነ ብቻ ወደ ታች ቁረጪውና ተዪው፤ ጥቅምት ላይ እንደገና ያብብልሻል።

ቃሪያውን በፍጹም እንዳትነቅይ! ስለ እሱ ስላላማረርሽ ደህና ነው ብዬ እገምታለሁ። ቃሪያ ውርጭ በማያውቅ አገር ከዓመት በላይ ይኖራል። ከላዩ ሲሶ ያህሉን ቁረጪለት፣ የበሰለ ፍግ ጨምሪለት፣ ዝም በዪው። ጥቅምት ላይ ተመልሶ ሲያብብ እኔን ታስታውሻለሽ።

ሰላጣው ያልበቀለው ዘሩ ተበላሽቶ አይደለም። የሰላጣ ዘር ሙቀቱ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ሲያልፍ ይተኛል። እርጥበት አለ፣ አፈር አለ፣ ግን አይነሳም። ለእሱ ይህ ጥበብ ነው፤ በዚያ ሙቀት ቢበቅል ይሞታላ። ዘሩ ከተረፈሽ አትጣይው፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ዱባውን ባጭሩ። መጀመሪያ የሚያብቡት ወንዶቹ ናቸው፣ ሙቀት ደግሞ ወንዶቹን ያበዛቸዋል። ከአበባው ጀርባ ትንሽ ድቡልቡል ዱባ ካለች ሴት ነች። ሴት አይተሽ ፍሬው አልይዝ ካለ፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ የወንዱን አበባ ቅጠፊና መሐሉን ሴቷ ላይ አሺው። ነጩ ዱቄት አመዳይ የሚባለው ሻጋታ ነው። ከሌሎች ሻጋታዎች ለየት ይላል፣ እርጥብ ቅጠል አይፈልግም፤ ሞቃት ቀንና እርጥብ የሌሊት አየር ይበቃዋል። ያረጁትን ቅጠሎች ቁረጪ። አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠሽ ጠዋት ፀሐይ ላይ በሳምንት አንዴ ብትረጪበት ይቀንሳል። ለሦስት ወር ዱባ ግን እኔ አልደክምም ነበር። የዱባ ቅጠልና አበባ ወጥ ይሆናል፤ ያልታመመውን ለጋ ቀቅለሽ ብዪው።

ሎሚው ላይ ቁጭ ብለን እናውራ። ድሬ ውስጥ ግቢ ለግቢ ስዞር በብዛት የማየው ችግር ይህ ነው፣ በብዛት የሚሳሳቱበትም ይህ ነው።

መጀመሪያ ቅጠሉን እይው። ቢጫ የሆነው የቱ ነው? ጫፍ ላይ ያለው አዲሱ ነው ወይስ ከታች ያለው አሮጌው? አሮጌው ቅጠል እኩል ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን አጥሮታል፣ ፍግ ይበቃዋል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሮቹ ግን አረንጓዴ ከሆኑ፣ ማለትም ቢጫ ወረቀት ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ የተሳለ መረብ ከመሰለ፣ የብረት እጥረት ነው። አንቺ ጋ ሁለተኛው እንደሆነ እወራረዳለሁ፤ ሳቢያን ነዋ።

ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ። ግን ኖራ የበዛበት አፈር ብረቱን ቆልፎ ይይዘዋል፣ ሥሩ ሊስበው አይችልም። ማንቆርቆሪያሽን ያነጣው ውሃ በየሳምንቱ ሎሚው ሥር ኖራ ሲጨምር ዓመታት አልፈዋል። ነሐሴ ላይ የሚብስበትም ምክንያት አለ። ዝናቡ አፈሩን ሲያጨቀየው ሥሩ አየር ያጣል፣ ኖራ ባለበት ጭቃ ውስጥ ደግሞ ብረት መሳብ ይበልጥ ይከብደዋል። ዝናቡ ሲያቆም፣ ጥቅምት አካባቢ፣ ምንም ሳታደርጊለት ትንሽ ሲያገግም ታይው ይሆናል።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ አመድ። ጎረቤትሽን አትቀየሚያት፣ ምክሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ አገሩ ተሳስቶ ነው። በወለጋ ወይም በጅማ ኮምጣጣ አፈር ላይ አመድ ፈውስ ነው። አመድ የኖራ ወንድም ነው፤ አፈሩን ከኮምጣጣነት ያወጣዋል። የእኛ አፈር ግን አስቀድሞ ወደዚያኛው ጫፍ ሄዷል። እኔ ራሴ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ፣ ዲፕሎማዬ ሳይደርቅ፣ የእናቴን ሎሚ ሥር አንድ ክረምት ሙሉ የከሰል አመድ ስደፋ ነበር። «ፖታሲየም አለው» እያልኩ። እውነትም አለው። ሎሚው ግን እንደ ሰም ነጣ። እናቴ እስከ ዛሬ ሎሚ በገዛች ቁጥር ዋጋውን ትነግረኛለች።

ምን ታደርጊ? ከቅርንጫፎቹ ጫፍ በታች ባለው ክብ፣ ግንዱን ሳይነካ፣ ሁለት ባልዲ በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ አንጥፊ። የፍየል በጠጥ ድሬ ላይ በቀላሉ ይገኛል፤ ትኩሱ ግን ያቃጥላል፣ ሁለት ሦስት ወር የተኛውን ፈልጊ። የቡና አተላሽንም ብስባሹ ውስጥ ጨምሪው፤ በድሬ የቡና ልማድ በሳምንት ስንት እንደሚወጣ አንቺ ታውቂያለሽ። ሁለተኛ፣ የጣሪያ ውሃ አጠራቅሚ። የዝናብ ውሃ ኖራ የለውም። ከአሸንዳው በታች በርሜል አስቀምጠሽ የሚጠራቀመውን ለሎሚው ብቻ አድርጊው፤ የቧንቧው ለሌሎቹ ይሁን። ሦስተኛ፣ ቶሎ መልስ ከፈለግሽ ቼሌት የተባለ ብረት ከግብርና ዕቃ መደብር ግዢ። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፤ ኢዲቲኤ የሚለው በእኛ አፈር ላይ ቶሎ ይፈርሳል፣ ኢዲዲኤችኤ የሚለው ነው የሚቋቋመው። ማሸጊያው ላይ ካላየሽ አትግዢ። ቢጫ የሆነው ቅጠል ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። የምትጠብቂው አዲስ የሚወጣውን ነው፤ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ስጪው።

ፓፓያዎቹ። የጠወለገውን እርሺው። የፓፓያ ሥር ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ከቆመ ይታፈናል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። ግንዱን ከመሬቱ አጠገብ ተጫኚው፤ ከለሰለሰና ከሸተተ ነቅለሽ አውጪው። በተለይ ድሬ ውስጥ ሰው ለፓፓያ እንደ ገበቴ የጎደጎደ ጉድጓድ ቆፍሮ ይተክላል፣ ውሃ እንዲይዝለት። ለበጋው ልክ ነው፣ ለነሐሴ ግን መቃብሩ ነው። እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ፓፓያ አትትከዪ። ሌላ ቦታ ላይ ከጉልበት በታች የሚደርስ የአፈር ጉብታ ሠርተሽ አናቱ ላይ ትከዪው። የቀረውንም ዛሬ ዙሪያውን እይለት፤ ውሃ የሚያቆር ከሆነ መውጫ ቦይ ቅደጂለት።

ጥጥ የመሰለው ነገር ጥጥ የለበሰ ትንሽ ተባይ ነው። በእንጨት ጫፍ ብትገልጪው ከሥሩ ሮዝ ወይም ቢጫማ ለስላሳ ነገር ታያለሽ። የቅጠሉን ፈሳሽ ይመጥጣል፣ የሚያጣብቅ ማር ያወጣል፣ ማሩ ላይ ጥቁር ጥላሸት ይበቅላል። ጉንዳኖችን ተከታተያቸው። ግንዱ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሉት ማሩን ሊበሉ ነው። ለማሩ ብለውም ተባዩን ከጠላቶቹ ይጠብቁታል። እረኞች በያቸው። እረኞቹን ሳታባርሪ መንጋውን መግደል ትርፉ ድካም ነው።

ስለዚህ ከጉንዳኑ ጀምሪ። ግንዱ ላይ ጨርቅ ጠምጥመሽ ጨርቁን ግሪስ ቀቢው፣ ግንዱን በቀጥታ አትቀቢ። አጥሩን ወይም ግድግዳውን የሚነካ ቅጠል ካለ ቁረጪ፣ ያለዚያ በዚያ ይሻገራሉ። ክፉኛ የተወረሩትን ቅጠሎችና ፍሬዎች ቆርጠሽ በፌስታል ቋጥረሽ ጣያቸው። ቀሪውን በጎማ ውሃ በኃይል እጠቢው። ከዚያ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ፣ ፀሐይ ስትበርድ፣ የቅጠሉን የታችኛውን ፊት እያነጣጠርሽ ርጪ። የፓፓያ ቅጠል ስስ ነው፤ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክረሽ አንድ ቀን ጠብቂ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሆንም፣ ያቃጥለዋል። በየአምስት ቀኑ ሦስት ጊዜ ድገሚው። መርጨት የሚያስፈልገው አንዱ ያልኩሽ ይህ ነው።

መርጨት ካነሳን አይቀር። ገበያ ላይ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ መድኃኒት አትግዢ። ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚበጠበጥ፣ ከተረጨ ስንት ቀን በኋላ እንደሚበላ የሚነግርሽ ወረቀት የለውም። ልጅ ደግሞ ጠርሙሱን ውሃ ብሎ ያነሳዋል።

ድሬ ላይ የሚያስፈልግሽን መንገድ ላይ ታገኚዋለሽ፤ ኒም። ከዚራ ሰፈርንና ሳቢያንን የሚያጠልለው ዛፍ ፍሬው በዚህ ክረምት ይረግፋል፤ በየአስፋልቱ የምንረግጠው ቢጫ ፍሬ ማለት ነው። ሰብስቢው፣ ሥጋውን እጠቢለት፣ ዘሩን ጥላ ላይ አድርቂው። ቅርፊቱን ሰብረሽ የሚወጣውን ፍሬ ውቀጪውና 50 ግራሙን በ1 ሊትር ውሃ አሳድሪው። በሻሽ አጥልለሽ፣ ጠብታ ሳሙና ጨምረሽ፣ ማታ ርጪው። ፀሐይ ኃይሉን ስለምታጠፋበት ቀን ላይ መርጨት ልፋት ነው፤ የተረፈውንም ለነገ አታስቀምጪ። አይጠጣም፣ ከልጆች አርቂው። ይህን አሁን አዘጋጅተሽ ብታስቀምጪ (ዘሩን ማለቴ ነው፣ ውሃውን አይደለም) ለአዲሱ የቲማቲም ችግኝ ይጠቅምሻል። ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ አገራችን የገባችው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ፣ ቱታ አብሶሉታ፣ ምሥራቁን አልማረችም። ቅጠሉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ሽንቁር መሳይ ነገር፣ ውስጡ ጥቁር ቆሻሻ ያለው ካየሽ እሷ ናት። ከአሮጌው ቲማቲም ወደ አዲሱ ትሻገራለች። ስለዚህ አሮጌው ሳይወጣ አዲሱን አትትከዪ።

ሁለት ነገር አልጠየቅሽኝም፣ እኔ ግን ሳልናገር አላልፍም።

አንዱ አረም ነው። ዝናቡ ሲያቆም ግቢሽ ውስጥ የካሮት ቅጠል የመሰለ፣ ነጭ ትንንሽ አበባ የሚያወጣ አረም ይኖራል። ፓርቲኒየም ነው፤ እዚህ በኦሮምኛ ፋራምሲሳ ይሉታል። አንዱ ተክል ከ10 ሺህ በላይ ዘር ያወርዳል። ሳያብብ፣ ጓንት አድርገሽ፣ ከነሥሩ ንቀዪው። ቆዳ ያሳክካል፣ ለአንዳንዱም ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል። ሌላ ነገር ሳትጀምሪ በፊት ይህን ጨርሺ።

ሁለተኛው ያው በርሜል ነው። የጣሪያ ውሃ አጠራቅሚ ብዬሻለሁ፤ ክደኚውም እላለሁ። በእኛ አቆጣጠር በ2011 ክረምትና በ2012 መስከረም ላይ ቺኩንጉንያ የሚባለው ትኩሳት ድሬን እንዴት እንዳስነከሳት የሰፈርሽን ሰው ጠይቂ። መገጣጠሚያውን ሳይዝ የሄደው ቤት ጥቂት ነበር። ከዚያ በፊት በ2006 ዴንጊ ነበር። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ፣ ኤደስ፣ የምትራባው በንጹሕ ውሃ ነው፤ በርሜል፣ የሮቶ ክዳን ላይ የተኛ ውሃ፣ የአበባ ማስቀመጫ ሰሃን፣ አሮጌ ጎማ። ከእንቁላል እስከ መብረር ሳምንት ገደማ ይበቃታል። በርሜሉን በጥቅጥቅ መረብ እሰሪው፣ ሰሃኖቹን በሳምንት አንዴ ድፊያቸው። የቀበርሻቸውም እንስራዎች ክዳን ያስፈልጋቸዋል።

አሁን ጊዜውን እንዲህ አስቢው። ጳጉሜን ላይ ንቀዪ፣ አጽጂ፣ በካሬ ሜትር አንድ ባልዲ የበሰለ ፍግ አዋህጂ። እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ የቲማቲም ዘር በእርጎ ኩባያ ዝሪ፣ ቂጡን ብሳሽ፣ ከነጭ ዝንብ በመረብ ሸፍነሽ። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ዝርያዎች ውስጥ መልካ ሾላ ብታገኚ ጥሩ ነው። የሽንኩርት ዘርም በዚያው ሰሞን ችግኝ መደብ ላይ ጣይ። ቆስጣና ቀይ ሥር መስከረም አጋማሽ ላይ በቀጥታ ይዘራሉ፣ ካሮት ትንሽ ይቆይ። ቲማቲሙ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ሲሞላው ጥቅምት ላይ ወደ መደቡ ይሄዳል፤ የመጀመሪያውን ቀይ ቲማቲም ለገና አካባቢ ትቆርጫለሽ። መጪው ግንቦት ሲደርስ ደግሞ መደቡን ሙቀት ለሚወዱት ልቀቂላቸው፤ ባሚያ፣ ደበርጃን፣ ስኳር ድንች። 40 ካሬ ሜትር ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ቀን አትዝሪው።

ሰላጣውን ጥቅምት አጋማሽ ላይ ጀምሪ፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ አንድ መስመር። ቀኑ ገና ከሞቀ ዘሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ሁለት ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው፣ ማታ ላይ ዝሪው፣ እስኪበቅል በጆንያ አጥልዪለት። ጨርቁ ላይ ግን ምን እንደሆነ ጻፊበት። የእኔን ባለፈው ዓመት ልጄ የቆሸሸ የዕቃ ጨርቅ መስሏት ጥላዋለች፤ ቆሻሻ የጣለችበት ጥግ ላይ ነው አምሮ የበቀለው።